መልስ የሚሰጥ ፍሬን



እሁድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ሪሞቱ የባለቤቴ ነው። እኔ ቡና እቆላለሁ፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ይጫወታሉ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ደግሞ የፎርሙላ ዋን መኪኖች እንደተነካ ቀፎ እየጮኹ ይዞራሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ጩኸት ለዓመታት ለእኔ የእሁድ ራስ ምታት ነበር። ባለፈው ወር ግን የሰባት ዓመቱ ልጃችን ድንገት ከጨዋታው ቀና ብሎ ጠየቀ።

«አባዬ፣ ዝናብ የለም አይደል? ታዲያ ከኋላው ያለው ቀይ መብራት ለምን ብልጭ ድርግም ይላል?»

«እየቆጠበ ነው» አለው አባቱ።

የቤታችን ሒሳብ ያዥ እኔ ስለሆንኩ «መቆጠብ» የሚል ቃል ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል። ባለቤቴም አብራራልን። መኪናው ጉልበቱን ወደ ባትሪ እየላከ በሚሄድበት ቅጽበት ከሚጠበቀው በታች ይሮጣል። ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ሳያስበው እንዳይገጨው መብራቱ «ተጠንቀቅ፣ እየሰበሰብኩ ነው» ይለዋል ማለት ነው።

ያኔ ነው የአሰላው ቁልቁለት ትዝ ያለኝ። እኛም ባለፈው ዓመት ዕቁባችንንና የባንክ ቁጠባችንን አሟጠን የገዛናት የኤሌክትሪክ መኪና ይህንኑ ሥራ ትሠራለች። እኛ ግን ነገሩ በቅጡ ሳይገባን ሁለት ልጆች ከኋላ አስቀምጠን ተራራ ወጥተን ወርደናል። እናንተ በእኛ እንድትማሩ ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ጉዞ ነው።

የአባቴ ብስክሌት

አባቴ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ወንጂን የሚያውቅ ሰው ብስክሌቱንም ያውቃል። የእሱ ብስክሌት የፊት መብራቷ በባትሪ ሳይሆን በዲናሞ የሚሠራ ነበር። ማታ ዲናሞዋን ጎማው ላይ ሲያስጠጋት መብራቱ ይበራል፣ ፔዳሉ ግን ይከብዳል። ልጅ ሆኜ «ለምን ይከብዳል?» ብዬ ስጠይቀው «መብራቱን የምከፍለው በእግሬ ነዋ!» ይለኝ ነበር።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ዲናሞ ሲዞር ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ በምላሹ ደግሞ ጎማውን ወደ ኋላ ይይዛል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርም እንዲሁ ነው። ከባትሪው ኃይል ስትሰጡት ጎማውን ያዞራል። እግራችሁን ስታነሡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩ ትልቅ ዲናሞ ይሆናል። መኪናው ይቀዘቅዛል፣ ባትሪው ይሞላል። አንዱ ማሽን ሁለት ሥራ ይሠራል።

በነዳጅ መኪናስ? ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር የፍሬኑ ሸራ ብረቱን ያሻሸዋል፣ የመኪናው ፍጥነት ሙቀት ሆኖ አየር ላይ ይበተናል። ረጅም ቁልቁለት የወረደ የጭነት መኪና አጠገብ ስታልፉ የሚሸታችሁ የተቃጠለ ሽታ አለ አይደል? ሽታው የሸራው ነው፤ የሚቃጠለው ግን ሽቅብ ሲወጣ የተከፈለበት ነዳጅም ጭምር ነው።

የአንድ እንጀራ ጉልበት

የፎርሙላ ዋን መኪኖች ይህን ብክነት መመለስ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የፎርሙላ ዋን ደንብ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ጉልበት ሰብስቦ በአንድ ዙር እስከ 400 ኪሎጁል ድረስ መልሶ መጠቀም ፈቀደ። ሹፌሩ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን 60 ኪሎዋት፣ ማለትም ወደ 80 የፈረስ ጉልበት ይጨመርለታል፤ ያውም ለ6 ሰከንድ ከግማሽ ያህል ብቻ።

400 ኪሎጁል ስንት ነው? እኔ የምረዳው በምጣድ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን ኃይል ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። አንድ እንጀራ ለመጋገር ያህል ነው! ግን ያቺን የአንድ እንጀራ ጉልበት በስድስት ሰከንድ ውስጥ ጠቅልሎ የሚጎርስ መኪና ከፊቱ ያለውን ቀድሞ ያልፋል። በዚያው ዓመት ሉዊስ ሃሚልተን የሃንጋሪን ውድድር ሲያሸንፍ፣ ይህ መሣሪያ የተገጠመለት መኪና በፎርሙላ ዋን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ሆነ።

ጅማሬው ግን ቀላል አልነበረም። መሣሪያው ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ የፍሬኑንም ስሜት ይቀይራል። አደጋም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ስፔን ውስጥ በተደረገ ሙከራ ላይ አንድ መካኒክ መኪናውን ሲነካ ኤሌክትሪክ ይዞታል። በ2010 ቡድኖቹ ተስማምተው መሣሪያውን ተዉት፣ በ2011 መለሱት። በ2014 ደግሞ ጉልበቱ በእጥፍ አድጎ 120 ኪሎዋት ደረሰ፣ በአንድ ዙር ከባትሪ የሚወጣው ኃይልም አሥር እጥፍ ሆነ። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ዲናሞ ስለበረታ፣ ዲናሞውና ተራው ፍሬን እንዳይጣሉ የኋላውን ፍሬን ኮምፒውተር እንዲመጥነው ተፈቀደ። የ2026 ደንብ ደግሞ የኤሌክትሪኩን ድርሻ ወደ 350 ኪሎዋት አሳድጎታል።

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚካሄደው ፎርሙላ ኢ የሚባለው ውድድርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው ሦስተኛ ትውልድ መኪናው ተራ የኋላ ፍሬን እንኳ የለውም፤ ከኋላ የሚያቆመው ሞተሩ ነው። አዘጋጆቹ በውድድሩ ከሚጠቀመው ኃይል ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ፍሬን ሲያዝ የተመለሰ ነው ይላሉ።

ይህ 40 በመቶ የሚለው ቁጥር ነው ሰውን የሚያሳስተው። እኛንም ያሳሳተን እሱ ነው።

«ራሱን ይሞላል»

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካሳወቀ ወዲህ፣ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ ሁሉ ወሬው ባትሪ ሆኗል። እኛም ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ስንዞር ከርመን በመጨረሻ አንዱ አሳመነን። «አዳማ ናችሁ? ታድላችሁ! ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ቁልቁለት፣ ከአሰላ ስትመለሱ ቁልቁለት። ይቺ መኪና ቁልቁለት ላይ ራሷን ትሞላለች» አለን።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። እንጀራዬ እንዲህ ያሉ አጫጭር አረፍተ ነገሮችን መጻፍ ነው። ግማሽ እውነት የያዘች ቃል ከሙሉ ውሸት ይልቅ እንደምትሸጥ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 የሸማቾች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት «ራሱን የሚሞላ» የሚል የሃይብሪድ መኪና ማስታወቂያ አሳሳች ነው ብሎ ከልክሏል። ያንን ያነበብኩት ግን መኪናዋን ከገዛን በኋላ ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላን አንድ ቅዳሜ ጠዋት አማቴን ለመጠየቅ ወደ አሰላ ተነሣን። ማታ ቻርጅ ላይ ማድረግ ረስተን ኖሮ ባትሪው 54 በመቶ ላይ ነው። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ሒሳብ ሠራ። ሙሉ ባትሪ 300 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ተብሏል፣ በ54 በመቶ ከ160 በላይ እንሄዳለን። አሰላ ደርሶ መልስ 150 ቢሆን ነው፣ መልሱ ደግሞ ቁልቁለት ነው፣ ራሷን ትሞላለች። «ይበቃናል፣ ይተርፈናልም!» አለ።

አዋሽን ተሻግረን ዴራ እስክንደርስ ሁሉ ሰላም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ኢተያ ዳገቱ ሲጀምር የዳሽቦርዱ ቁጥር እንደ ደሞዝ ሳምንት ገንዘብ ይቀልጥ ጀመር። 40፣ 33፣ 27። ማቀዝቀዣውን አጠፋን። ሬዲዮውን አጠፋን፤ ሬዲዮ ምን ያህል እንደሚስብ ያወቅን ይመስል! ልጆቹ ሳይቀሩ ዝም አሉ። አማቴ በር ላይ ስንደርስ 18 በመቶ ቀርቶን ነበር። ቁልቁል ይመልሰናል ብለን በዚያችው ብንነሣ ኖሮ ምን እንደሚሆን በኋላ አሰላሁት፤ ቆዩኝ፣ እነግራችኋለሁ።

ለጠገበ ጉርሻ

አማቴ የእንግዳ ነገር አይሆንላቸውም። ጩኮው ቀረበ፣ ቡናው ቀረበ፣ መኪናዋም ከሳሎኑ ሶኬት ላይ ተሰካች። በተራ ሶኬት ነገሩ ቀስ ያለ ነው፤ በሰዓት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚገባ ከ18 በመቶ ለመሙላት ሃያ ሰዓት ገደማ ወሰደ። እሁድ ከሰዓት ላይ ባለቤቴ 95 በመቶ ሲያይ «በቃ እንነሣ» ቢላቸው እሳቸው መች ሰምተው!

«ልጄ፣ እንግዳ ባዶ ሆዱን ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። መኪናውም ቢሆን ሳይጠግብ አይወጣም» አሉ። 100 እስኪሞላ ጠብቀን፣ ተመርቀን ወጣን።

ከከተማው ወጥተን የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ከፊታችን ስንዴ የጫነ አይሱዙ አለ። ባለቤቴ እንደለመደው እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሣ። (ነዳጅ የሌላት መኪና ነዳጅ መስጫ አላት፣ አዎ፤ ሌላ ስም አላገኘንላትም።) ሌላ ጊዜ እግሩን ሲያነሣ መኪናዋ ራሷ ትቀዘቅዛለች። ያን ዕለት አልቀዘቀዘችም። እንዲያውም ፍጥነቷ ጨመረ። የአይሱዙው የኋላ ሳንቃ ወደ እኛ ሲቀርብ አየሁ፣ እጄ ሳላስበው ወደ ኋላ ወደ ልጆቹ ሄደ። ባለቤቴ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ረገጠው። ያዘ፤ ተመስገን፣ በደንብ ያዘ። ግን የሁለታችንም ልብ ለደቂቃዎች አልተመለሰም።

ምን ነበር የሆነው? መልሱን የሚያውቀው ጉርሻ የበላ ሁሉ ነው። በልቶ የጠገበን ሰው ብታጎርሱት የት ያስቀምጠዋል? 100 በመቶ የሞላ ባትሪም ከዲናሞው የሚመጣውን ኃይል የሚያኖርበት ቦታ የለውም። ስለዚህ መኪናዋ ዲናሞውን ታላላዋለች። ዲናሞው ሲላላ ደግሞ እግር ሲነሣ የሚሰማው የመያዝ ስሜት ይጠፋል። ፍሬኑ አልተበላሸም፤ የጠፋው ልማዳችን የተደገፈበት ነገር ነው። ተራው ፍሬን ብቻውን ሥራውን ይሠራል፣ ግን ማሞቁም፣ ማሸቱም ያው እንደ ድሮው ነው።

ከኢተያ በታች፣ ባትሪው ትንሽ ከጎደለ በኋላ፣ መኪናዋ ወደ ጠባይዋ ተመለሰች። ለብዙ ኪሎ ሜትር ቁጥሩ ሳይቀንስ ቆየ፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ከ90 ወደ 91 ከፍ ሲል ልጆቹ አጨበጨቡ። አዳማ ስንገባ 83 በመቶ ነበርን።

መልስ እንጂ ደሞዝ አይደለም

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሽቅብ 36 በመቶ ከፈልን። ቁልቁል 17 በመቶ ከፈልን። አያችሁ? ቁልቁለቱ አልሞላንም፤ ቅናሽ ነው ያደረገልን። በዚያች 18 በመቶ ተነሥተን ቢሆን ኖሮ አዳማ የምንገባው በአንድ በመቶ ነበር፤ አንዲት የተዘጋ መንገድ ወይም ትንሽ የፊት ነፋስ ብትጨመር መንገድ ዳር ማደራችን ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር፣ አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። መኪናዋ ከእኛ ጋር ሁለት ቶን ያህል ትመዝናለች። ሁለት ቶን 700 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት ብቻ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ከምናምን እንደ መጣድ ማለት ነው። ስትወርዱ የሚመለሰው ከዚያችው ከ4ቱ ላይ ነው፤ እሷም ስትመለስ በመንገድ ትንሽ ትንሽ ትቆረሳለች። አየሩን ለመሰንጠቅና ጎማውን ለማንከባለል የከፈላችሁት ደግሞ ሄዷል፣ አይመለስም።

ፎርሙላ ኢ ታዲያ 40 በመቶውን ከየት አመጣው? መኪናው በየሰከንዱ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው በኃይል ስለሚያቆም ነው። ብዙ የሚመለስለት ብዙ ስለሚያወጣ ነው። ሱቅ ገብቶ በትልቅ ብር የከፈለ ሰው ብዙ መልስ ይቀበላል፤ ግን ሀብታም ሆኖ አይወጣም። በፍጥነት መንገዱ ላይ በእኩል ፍጥነት ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትመጡ ፍሬን እምብዛም ስለማትነኩ የሚመለስላችሁ ጥቂት ነው፤ ያ ግን ኪሳራ አይደለም፣ መጀመሪያውኑ አላባከናችሁም። ቁልቁለቱም የሚጠቅማችሁ ባትሪ በመሙላት ሳይሆን ፍጆታ በመቀነስ ነው። ብዙ መልስ የምታዩት ባጃጅና ጋሪ በሚጋፋበት የከተማ መንገድ፣ በየጉብታውና በየመብራቱ ስትቆሙ ነው።

ስለዚህ ፍሬኑ የሚሰጣችሁ መልስ ነው እንጂ ደሞዝ አይደለም። መልስ ደግሞ የሚናቅ አይደለም፤ የታክሲ ረዳት ሲያስቀርባችሁ እንዴት እንደምትቆጡ አስቡት! በነዳጅ መኪና መልሱ ሁሉ ይቀር ነበር።

ለመግዛት ላሰባችሁ፣ ለገዛችሁም፣ ከእኛ ድንጋጤ የተረፉትን ምክሮች ልቁጠርላችሁ።

አንደኛ፣ ከፍ ያለ ቦታ አድራችሁ በቁልቁለት የምትመለሱ ከሆነ ባትሪውን ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ አቁሙት። ለጉርሻ የሚሆን ቦታ ተዉለት። የግድ ከሞላ ደግሞ የመጀመሪያውን ቁልቁለት ቀስ ብላችሁ፣ ርቀት ጠብቃችሁ፣ እግራችሁን ፍሬኑ ላይ አዘጋጅታችሁ ውረዱ።

ሁለተኛ፣ ባትሪ ስትሰሉ በኪሎ ሜትር ብቻ አትስሉ፣ በዳገትም ስሉ። አዳማ የምንኖር ሰዎች ወደ አዲስ አበባም ወደ አሰላም ስንወጣ ዳገቱ የመሄጃችን ነው፤ ሞልተን እንነሣ። አዲስ አበባ ሆናችሁ ለመዝናናት ወደ አዳማ ወይም ወደ ሶደሬ የምትወርዱ ደግሞ መምጫው በቀለላችሁ ልክ መመለሻው እንደሚከብድ አትርሱ።

ሦስተኛ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ አድርጎ መንሸራተት የሚባለውን የድሮ ልማድ እርሱት። በነዳጅ መኪናም አደገኛ ነበር፤ በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ዲናሞውን ስለሚያጠፋ መልሱንም ያስቀርባችኋል።

አራተኛ፣ ከኋላ የሚቀመጡ ልጆች የሚያቅለሸልሻቸው ከሆነ የመያዝ ኃይሉን ቀንሱት። አብዛኞቹ መኪኖች መቀነሻ አላቸው። እግር በተነሣ ቁጥር የሚነቀንቀው እሱ ነው።

አምስተኛ፣ የፍሬን ሸራው ብዙ ስለማይሠራ ቶሎ አያልቅም፣ ግን ይረሳል። በየጊዜው አስፈትሹት፤ በሚያስፈልጋችሁ ቀን ዝጎ እንዳይጠብቃችሁ። ላቫጆ ስትወስዷትም ሆነ ስታሠሯት ብርቱካናማ ገመዶቿን ማንም እንዳይነካካ አስጠንቅቁ፤ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእነሱ ነው። ያ የስፔኑ መካኒክ ትዝ ይበላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወደ አሰላ ወጥተን ነበር። ባለቤቴ ባትሪው 88 ላይ ሲደርስ መሰኪያውን ነቀለ። አማቴ ቅር አላቸው። እኔ ቀረብ ብዬ «እማማ፣ መንገድ ላይ የሚጎርሰው አለና ትንሽ ቦታ ይቆየው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው እናንተ ጠግባችሁ ሂዱ» ብለው ሁለተኛ ዙር ጩኮ አቀረቡልን።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ልጄ ከኋላ ወንበር አንገቱን አውጥቶ ዳሽቦርዱን እያየ «አባዬ፣ አሁን እየቆጠብን ነው?» አለ። አባቱ እግሩን አነሣ፣ መኪናዋ ቀስ ብላ ያዘች።

«እየቆጠብን ነው።»

እስከ ወር ድረስ ቸር ያሰንብተን!